ድንጋዩ ቀለሙን ሲለውጥ

በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር፤ ሞያሌ፣ ኬንያ





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ሀገር ቤት ቅርስ አንድ ነገር ተናገሩ» ብሎ ዕድሉን ሲሰጠን ብዙዎቻችሁ ስለ አክሱም ሐውልት ቁመት ወይም ስለ ዛግዌ ነገሥታት የምንተርክ መስሏችሁ ይሆናል። ያንን ታሪክ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆቻችን ከእኛ አሳምረው ያውቁታል። እኛ የመረጥነው ስለ ድንጋይ ቀለም ነው። የመረጥንበትም ምክንያት አለን።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ዓመት ከሀገር ቤት ለማኅበራችን አንድ ደብዳቤ ደርሶ ነበር። የቦታውን ስም እዚህ አንጠራም፤ የጻፉልን አባቶች ቅን ልብ ያላቸው ናቸውና ስማቸው በክርክር መካከል እንዲነሳ አንፈልግም። ደብዳቤው በአጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ የጥንታዊው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ አረንጓዴና ጥቁር እያለ መልኩ ጠፍቷል፤ ለኢዮቤልዩ ካሰባሰባችሁት መዋጮ ቀለም ገዝተን እንድንቀባው እርዱን። ደብዳቤው በተነበበበት ስብሰባ ግማሾቻችን ዓይናችን እንባ አቅርሮ «ዛሬውኑ ይላክ» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ቆይ፣ አረንጓዴው ነገር ምንድን ነው? ቀለም ሲቀባበት ይድናል ወይስ ይታፈናል?» ብለን ጠየቅን። ጉዳዩ ሳይቋጭ ከረመ፤ ገንዘቡም እስከ ዛሬ ባንክ ተቀምጧል። ስለዚህ ይህ ንግግር ለበዓል ማድመቂያ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው ጠቅላላ ጉባኤ እጃችንን ስናወጣ ስለ ምን እንደምናወጣ እንድናውቅ ነው።

በመጀመሪያ ቀለም ራሱ ምን ያህል እንደሚያታልል እንነጋገር። ሱቅ ያለን ሰዎች ይህን በየቀኑ እናየዋለን። ጨርቅ ልትገዛ የመጣች እናት ጣቃውን ከመደርደሪያ ታስወርድና ዋጋውን ከመጠየቋ በፊት ይዛው ወደ በሩ ትወጣለች። በሱቁ አምፖል ወይን ጠጅ የመሰላት ፀሐይ ላይ ቡናማ ይሆንባታል። አብራት የመጣችው ልጅ ደግሞ «እማዬ፣ ቀይ እኮ ነው» ትላለች። ጨርቁ ያው አንድ ጨርቅ ነው፤ የተለያየው ብርሃኑና ዓይኑ ነው። እንግዲህ እጃችን ላይ ያለው ጨርቅ ይህን ያህል ካከራከረን፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ያየነውን ግድግዳ ዛሬ ከምናየው ጋር በትዝታ አወዳድረን «ጠቁሯል»፣ «አልጠቆረም» ብንባባል ማን ይዳኘናል? ፎቶግራፍም ቢሆን እንደ ካሜራው፣ እንደ ሰዓቱ፣ እንደ አጣቢው ይለያያል። የሠርግ ፎቶአችንን አውጥተን ብናይ በዕለቱ ነጭ የነበረው ቬሎ ዛሬ ቢጫ ሆኗል፤ ቬሎው ግን ሣጥን ውስጥ ነጭ እንደሆነ ተቀምጧል።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ድንጋይ ደረቅና የሞተ ነገር ይመስለናል እንጂ ላዩ ላይ ብዙ ሕይወት አለ። ዝናብና ብርሃን ባገኘ ድንጋይ ላይ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይሰፍራሉ። ባክቴሪያ አለ፤ ዋቅላሚ አለ፤ ሻጋታውን የሚያመጣው ፈንገስ አለ። ፈንገስና ዋቅላሚ ተጋግዘው ባንድነት ሲኖሩ ደግሞ ላይከን የሚባለው፣ በየቦታው የድንጋይ ሽበት እያልን የምንጠራው ይሆናል። ብጫ፣ ነጣ ያለ፣ ግራጫ፣ ብርቱካን የመሰለ ጥፍጥፍ ነገር ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ያላየ የለም። አረንጓዴው የሚመጣው ቅጠልን አረንጓዴ ከሚያደርገው ከዚያው ክሎሮፊል ነው። ጥቁሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ እነዚሁ ፍጥረታት ራሳቸውን ከፀሐይ ለመከላከል ከሚያወጡት ጠቆር ያለ ቀለም ነው። በክረምት ይወፍራሉ፤ በበጋ ደርቀው ያንቀላፋሉ፤ ዝናብ ሲመለስ እንደገና ይነሳሉ።

ጉዳታቸው ምንድን ነው ለሚል ሰው፣ አንዳንዶቹ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም የድንጋዩን ማዕድን ጥቂት በጥቂት ያሟሟል። ክሮቻቸው በድንጋዩ ቀዳዳ ገብተው ሲረጥቡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይሸበሸባሉ፤ ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የድንጋዩ ገጽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ነገር ግን ሁሉም ጠላት አይደለም። አንዳንድ ላይከን ድንጋዩን ከዝናብና ከነፋስ የሚጋርድበት ጊዜ እንዳለ አጥኚዎቹ ይከራከራሉ፤ እሱን ፍቆ ማንሳት ከሥሩ የተያያዘውን ድንጋይ አብሮ ማንሳት የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን «ሽበት ክብር ነው፣ ተዉት» የሚሉት ያለ ነገር አይመስለንም።

እንግዲህ ወደ ላሊበላ እንሂድ። (ከሞያሌ ላሊበላ በመኪና ስንት ቀን እንደሚፈጅ የምታውቁ ሰዎች፣ በቃል መሄዱ እንደሚቀል ትመሰክራላችሁ።) 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። የተፈለፈሉበት ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ በውስጡ ባለው ብረት ምክንያት ወደ ቀይ የሚያደላ ነው። ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ የጠጣ ድንጋይ ደግሞ ለእነዚህ ፍጥረታት የተነጠፈ አልጋ ነው። በፖርቱጋል የኤቮራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከላሊበላ የተወሰዱ የድንጋይ ናሙናዎችን መርምረው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ረቂቅ ተሕዋስያን በድንጋዩ መጎዳት ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው አመልክተዋል። ቤተ ጊዮርጊስን በፎቶግራፍ ያየ ሁሉ የጣራው መስቀል ላይ የተለጠፈውን ብጫማ ሽበት ያስታውሳል።

ላሊበላ የቀለም ነገር ከዚህ ቀደምም ፈትኗታል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገ ጥገና፣ ዝናብ እንዳያስገቡ ተብሎ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት በሬንጅ ተለቅልቀው በላዩ ቀይ ቀለም ተቀቡ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ቀዩም ከድንጋዩ ጋር የሚመሳሰል መስሎ ነበር። ግን ሬንጁ ውጪውን ውኃ ሲከለክል የውስጡንም እርጥበት መውጫ አሳጣው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ በመራው ሥራ ያንን ልቅልቅ ከድንጋዩ ላይ ማንሳት ግድ ሆነ። ለመቀባት የወጣው ገንዘብ አንድ፣ ለማንሳት የወጣው ሁለት። ደብዳቤውን ስናነብ አንዳንዶቻችን «ቆይ» ያልነው ይህን ሰምተን ስለነበር ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ መጠለያው መጣ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትልልቅ መጠለያዎች አምስቱን አብያተ ክርስቲያናት እንዲጋርዱ በ2008 እ.ኤ.አ. ተተከሉ። ለጊዜው ተብለው ነበር። ዝናቡን ከለከሉ። ይሁንና ስምንት መቶ ዓመት ክረምትና በጋ ሲፈራረቅበት የኖረ ድንጋይ ያለ ልክ ደርቆ ይሰነጠቃል የሚል ስጋት ተነሳ፤ የብረቱ ምሰሶ ክብደትና የነፋሱ ንዝረትም አሳሰበ። በ2018 እ.ኤ.አ. የላሊበላ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ መጠለያው ይነሳልን አለ። ቤተ ጊዮርጊስ ግን መጠለያ አልተሠራለትም፤ እስከ ዛሬ ዝናቡንም ፀሐዩንም ይቀበላል። እንግዲህ እዚያው አንድ ከተማ ውስጥ የተሸፈነና ያልተሸፈነ፣ ከአንድ ዓይነት አለት የተፈለፈሉ ሕንጻዎች አሉ ማለት ነው። የትኛው ላይ ሽበቱ ጨመረ፣ የትኛው ላይ ቀነሰ? ይህ በ«ይመስለኛል» የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ በቁጥር የሚመለስ ነው።

ቁጥሩ እንዴት ይገኛል? ናይሮቢ ትልልቅ የቀለም መደብሮች የገባችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። የተላጠ የግድግዳ ቁራጭ ይዘው ሲሄዱ ሻጩ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ያስነካዋል፤ ማሽኑም ከስንት ጠብታ ቀይ፣ ከስንት ጠብታ ጥቁር ተቀላቅሎ ያንኑ ቀለም እንደሚሰጥ ይነግረዋል። ቅርስ ጠባቂዎች የሚጠቀሙበትም ከዚያ ዘመድ የሆነ የቀለም መለኪያ ነው። አፉን ከግድግዳው ጋር ሲያገጥሙት የውጪው ብርሃን አይገባም፤ መሣሪያው የራሱን የታወቀ ብርሃን ያበራና ከድንጋዩ ተመልሶ የመጣውን ይመዝናል። ስለዚህ ጧትም ሆነ ማታ፣ ደመናም ሆነ ፀሐይ፣ መልሱ ያው ነው። ጨርቅ ገዢዋ እናት ወደ በሩ መውጣት አያስፈልጋትም ማለት ነው።

መልሱን የሚሰጠው በሦስት ቁጥር ነው። ይህን አቆጣጠር ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን በጨርቅ ፋብሪካም፣ በማተሚያ ቤትም፣ በምግብ ፋብሪካም ይሠራበታል። የመጀመሪያው ቁጥር የድምቀት ነው፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 100 ንጹሕ ነጭ። ሁለተኛው ከቀይ እስከ አረንጓዴ ያለውን ይለካል፤ ወደ ቀይ ሲያደላ ከዜሮ በላይ፣ ወደ አረንጓዴ ሲያደላ ከዜሮ በታች ይሆናል። ሦስተኛው ከብጫ እስከ ሰማያዊ ነው፤ በዚያው መንገድ።

ልጆቻችን እዚህ ላይ እርሳስ ያውጡ። አንድ ቀላ ያለ ግድግዳ ስንለካው 42፣ 12፣ 14 አለን እንበል፤ ይህ ለምሳሌ ያህል የወሰድነው ቁጥር እንጂ ከየትም ግድግዳ የመጣ አይደለም። ከሁለት ክረምት በኋላ እዚያው ነጥብ ላይ ስንለካ 39፣ 8፣ 14 ሆነ። ድምቀቱ በ3 ቀነሰ፤ ማለት ጠቆረ። ቀይነቱ በ4 ቀነሰ፤ ማለት ወደ አረንጓዴ ሄደ። ብጫው እንዳለ ነው። ጠቅላላ ልዩነቱን ለማግኘት እያንዳንዱን ልዩነት በራሱ አባዝቶ መደመርና የድምሩን ካሬ ሥር ማውጣት ነው። 9 ሲደመር 16፣ 25፤ ካሬ ሥሩ 5። ስምንተኛ ክፍል የተማራችሁት የፓይታጎራስ ሕግ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከ2 ወይም ከ3 በታች የሆነ ልዩነት ብዙ ሰው በዓይኑ አይለየውም። 5 ግን የሚታይ ነው። ዋናው ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፦ መሣሪያው 1 እና 2 ላይ እያለ ያውቃል፤ እኛ በዓይናችን የምናውቀው 5 ወይም 6 ሲደርስ ነው፤ ደብዳቤ የምንጽፈው ደግሞ 20 ከደረሰ በኋላ ነው።

ይህን ሥራ በደንብ የገፉበት በሰሜን ምዕራብ ስፔን የሚገኙት የሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ሳንቲያጎ እንደ ላሊበላ የተሳላሚዎች ከተማ ናት። ዝናብ የማያጣት፣ ሕንጻዋ ግራናይት የሆነ፣ ግድግዳዋ በየጊዜው የሚያረንጉድ ነው። ተመራማሪዎቹ ዋቅላሚና መሰሎቹን በግራናይት ላይ እያበቀሉ ቀለሙን ለኩ፤ ጎን ለጎንም በላቦራቶሪ ምን ያህል እንደበቀለ መዘኑ። ሁለቱን ሲያስተያዩ ቀለሙ ብቻውን የእድገቱን መጠን ሊናገር እንደሚችል አዩ። በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ደግሞ ግራናይት ሕንጻ ማረንጎድ ሲጀምር ገና ከጥዋቱ በዚህ መንገድ ሊደረስበት እንደሚቻል አስረድተዋል። ከድንጋዩ ምንም አይቆረጥም፣ አይፋቅም፤ ለእኛ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ታቦት ያለበትን ቤት ግድግዳ ለናሙና ፈልፍለን እንውሰድ ብንል ማን ይፈቅድልናል?

ይሁን እንጂ ሸቀጣችንን አጋንነን እንድንሸጥ አንፈልግም። መሣሪያው ጉድለት አለው። እርጥብ ድንጋይ ከደረቁ ይልቅ ስለሚጠቁር ዝናብ በመታው ማግስት ቢለካ ይዋሻል። አፉ ከአንድ ሳንቲም ፊት የማይበልጥ ስፋት ብቻ ስለሚያይ፣ ድንጋይ ደግሞ ዥንጉርጉር ስለሆነ፣ በአንድ ግድግዳ ላይ ብዙ ቦታ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ያሻል። አቧራም፣ የጧፍ ጢስም፣ የተሳላሚ እጅም ቀለም ይለውጣል፤ ቁጥሩ «ተለውጧል» ይላል እንጂ «ይህ ዋቅላሚ ነው፣ ይህ ጥላሸት ነው» ብሎ አይምልም። ወደ አረንጓዴ መሄዱ ፍንጭ ይሰጣል፤ ማረጋገጫው የባለሙያ ዓይንና ላቦራቶሪ ነው። ከድንጋዩ ሥር ጠልቆ የገባውንም አያይም። ዋጋውም እንደ ዓይነቱ ነው፤ ጥሩው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል፤ አሁን አሁን ግን በጥቂት መቶ ዶላር የሚገኙ፣ ከስልክ ጋር የሚገናኙ ትንንሾች ወጥተዋል።

ዘግይቶ ማወቅ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ፈረንሳይ ድረስ እንሂድና እንመለስ። ላስኮ የሚባለው ዋሻ በ1940 እ.ኤ.አ. ተገኘ። በግድግዳው ላይ ከ17,000 ዓመት በፊት ገደማ የተሣሉ በሬዎችና ፈረሶች አሉበት። በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በቀን ከሺህ በላይ ሰው ይገባበት ነበር። የሰዉ ትንፋሽ፣ ላቡ፣ የኤሌክትሪኩ መብራት ተደማምሮ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ዋቅላሚ በቀለ። በዓይን ታይቶ ሥራ ሲጀመር በሽታው ሥር ሰዶ ነበር። በ1963 ዋሻው ለጎብኚ ተዘጋ፤ እስከ ዛሬም አልተከፈተም። በ2001 ደግሞ ነጭ ሻጋታ ወረረው፤ እሱን ለማጥፋት መድኃኒት ሲረጭ ቆይቶ ጥቁር ነጠብጣብ ተከተለ። ፈረንሳይን ያህል ሀብታም ሀገር፣ ያ ሁሉ ሊቅ እያላት፣ አንዱን ሲያጠፉት ሌላው እየተነሳ ተቸገረች። እኛ በበረኪናና በሽቦ ብሩሽ እናሸንፈዋለን ማለት ይከብዳል። በረኪና አረንጓዴውን ለጊዜው ያነጣዋል፤ ግን ጨው በድንጋዩ ውስጥ ይተዋል፤ ጨው ደግሞ ድንጋይን ከውስጥ የሚፈነቅል ነገር ነው። የሽቦ ብሩሽ የድንጋዩን ገጽ ይቧጥጣል፤ የተቧጠጠ ገጽ ደግሞ ለሚቀጥለው ዋቅላሚ የተዘጋጀ ማሳ ነው።

«ታዲያ የቀደሙ አባቶቻችን ግድግዳ ይቀቡ አልነበረም ወይ?» የሚል ጥያቄ በስብሰባው ላይ አንድ አባታችን አንስተው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይቀቡ ነበር፤ በኖራ። የባሌው ድሬ ሼኽ ሁሴን በነጭነቱ የታወቀ ነው። ሐረር ጀጎልም ቤቱን ኖራ መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ኖራ ግን ከቆርቆሮ የሚወጣው ፕላስቲክ ቀለም አይደለም። ኖራ ይተነፍሳል፤ የግድግዳውን እርጥበት ያስወጣል፤ ጠንካራ አልካሊ ስለሆነም ሻጋታን አያስቀምጥም። ፕላስቲክና የዘይት ቀለም ግን እንደ ላስቲክ ይለብሳል። ውስጥ የታሰረው ውኃ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ ሲላጥ የድንጋዩን ቆዳ ይዞ ይወርዳል። ሻጋታው ደግሞ ከቀለሙ ውስጥ የሚበላው ነገር አያጣም። ያም ሆኖ በኖራ የኖረን ግንብ በኖራ ማደስ አንድ ነገር ነው፤ ተቀብቶ የማያውቅን የተወቀረ ድንጋይ ኖራም ቢሆን መቀባት ሌላ ነገር ነው። የሚሸጥ ቀለም መደርደሪያችን ላይ እያለ ይህን መናገራችንን ታዝባችሁ ይሆናል።

በ2024 እና በ2025 እ.ኤ.አ. የጎንደር ፋሲል ግንብ ሲጠገን ፎቶግራፉ በስልካችን ደርሶን በየቡና ቤቱ እንዴት እንደተከራከርን አትረሱትም። «ቀለም ቀቡት»፣ «የለም፣ ኖራው ነው፣ አዲስ ስለሆነ ነው ያበራው»፣ «ድሮም እንዲህ ነበር፣ እኛ የለመድነው ሽበቱን ነው» ተባባልን። ወዳጅ ከወዳጁ የተኳረፈም አለ። እዚህ ላይ ማንም ልክ ነው፣ ማንም ተሳስቷል አንልም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ክርክሩ ሁሉ የተካሄደው በተለያየ ስልክ በተነሳ፣ በተለያየ ሰዓት በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ ነው። ከጥገናው በፊት እያንዳንዱ ግድግዳ ምን ቁጥር እንደነበረው፣ ከጥገናው በኋላ ስንት እንደሆነ በእጃችን ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የምንጣላበት ነገር ያንስ ነበር።

ላሊበላና ጎንደር ሩቅ ናቸው ካልን የራሳችንን መንገድ እንይ። ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ ይርጋ ጨፌና ዲላ ላይ ቡና ያልጠጣ በመካከላችን የለም። በዚያ በጌዴኦ ምድር እስከ 10,000 የሚደርሱ የቆሙ ድንጋዮች አሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ቦታ ያሉት ወደ 2,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው በ2021 የወጣ ጥናት አስታውቋል፤ ከዚያ በፊት ከሚገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይበልጣል ማለት ነው። እነዚህ ድንጋዮች ጣራ የላቸውም። ቆመውም ወድቀውም ያሉት ዝናብ በማይጠፋበት፣ ጥላ በበዛበት የቡናና የእንሰት ምድር ነው። ቅርጽ የተቀረጸበት ድንጋይ ሽበት ሲለብስ ቅርጹ ከዓይን ይሰወራል። በአውቶቡስ ስናልፍ በመስኮት እንኳ ዞር ብለን አናያቸውም።

በዚህም በኩል ቢሆን ልጆቻችን ለትምህርት ጉብኝት ሞምባሳ ሲሄዱ ፎርት ጂሰስን ያያሉ። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 እ.ኤ.አ. የሠሩት የኮራል ድንጋይ ምሽግ ነው፤ ከ2011 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። የባሕሩ ጨውና እርጥበት ግድግዳውን እንዴት እንዳዥጎረጎረው በሚቀጥለው ጉብኝት አስተውለው እንዲመጡ አደራ እንላለን። የሚኖሩበት ሀገር ቅርስ የእነሱም ነው።

ወደ ደብዳቤአችን እንመለስ። ገንዘቡ አይላክ አንልም፤ ይላክ፤ ለቀለም ግን አይሁን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 የቅርስ ጥገና ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይካሄድ ደንግጓል። ስለዚህ አባቶችን የምንጠይቃቸው በመጀመሪያ ነገሩን ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና በእነሱም በኩል ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቁ ነው። ለባለሙያው ጉዞና ውሎ አበል የሚያስፈልግ ከሆነ ማኅበራችን ይሸፍን። ሁለተኛ፣ አረንጓዴው የበቀለው ውኃ ስላገኘ ነው። ውኃው ከየት ይመጣል? አሸንዳው ተቀዶ ይሆናል፤ ጣራው ያፈስ ይሆናል፤ በግድግዳው ሥር አፈር ተቆልሎ ጎርፍ ያቁር ይሆናል። ከእኛ መዋጮ የሚበዛው እጅ ለአሸንዳና ለቦይ ቢውል ውኃው ሲቀር አረንጓዴው በራሱ ጊዜ ይደክማል። አሸንዳ እንደ ቀለም አያምርም፤ «ይህን የሠራው የሞያሌ ማኅበር ነው» ተብሎ ፎቶ የሚነሳበት ነገርም አይደለም። ለዚህ ነው በጉባኤው ላይ እንደሚከብደን የምናውቀው።

የቀለም መለኪያ እስክናገኝ ድረስ የሱቅ ዘዴ አለን። ቀለም አምራቾች ለደንበኛ የሚያሳዩት፣ በመቶ የሚቆጠር ቀለም ከነቁጥሩ የታተመበት የናሙና ደብተር አለ። ያንን ደብተር ግድግዳው ላይ አስጠግቶ በጣም የሚመስለውን ቀለም መፈለግና ቁጥሩን መጻፍ ነው። ከዚያም ደብተሩ አብሮ እንዲታይ አድርጎ በስልክ ፎቶ ማንሳት። ደብተሩ በፎቶው ውስጥ ካለ ስልኩ ቢያጠቁረው ወይም ቢያነጣው ይታወቅበታል። ቦታው በየጊዜው አንድ መሆን አለበት፤ «ከሰሜኑ በር በስተግራ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከስንዝር» ተብሎ ይጻፍ፤ ግድግዳው ላይ በሚስማርም ሆነ በቀለም ምልክት አይደረግ። ሰዓቱ ጧት 4 ሰዓት፣ ግድግዳው በደረቀ ቀን፣ በጥላ። ወቅቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፤ አንዱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት፣ ሌላው ከዝናቡ በፊት። ደብተሩ ፀሐይ ላይ ከዋለ ራሱ ይደበዝዛልና ከሥራ ውጪ በፖስታ ተሸጎ ይቀመጥ። ይህ የመሣሪያውን ያህል ትክክለኛ እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም ከሦስት ዓመት በኋላ «ጠቁሯል»፣ «አልጠቆረም» ስንባባል የምንገልጠው መዝገብ ይኖረናል። ባለሙያ ሲመጣም ባዶ እጃችንን አንቀበለውም።

ሁለት አንድ ዓይነት ደብተሮች ከናይሮቢ አስመጥተናል። አንደኛው ከገንዘብ ያዣችን ዘንድ ነው፤ ሁለተኛው ለአባቶች ይላካል። ለጥምቀት ወደዚያ የሚሄዱ ቤተሰቦች እንዳሉ ሰምተናል፤ ደብተሩንና የአለካኩን ጽሑፍ ይዘው እንዲሄዱ ከዛሬው በዓል በኋላ ከኮሚቴው ጋር ይነጋገሩ። ደብዳቤውን በሚመለከት ውሳኔ የሚሰጥበት ጠቅላላ ጉባኤ በሚቀጥለው እሑድ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት በዚሁ አዳራሽ ይደረጋል፤ የአሸንዳውን የዋጋ ግምት አዘጋጅተን እንቀርባለን።